የማያቀርብ፣ የማያርቅ ሌንስ፦ 50 ሚሊሜትሩን ይዞ ከእንጦጦ እስከ ገፈርሳ

ካሜራዬ እኔ ዘንድ ከመጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በአንድ ካርቶን አብሮት የመጣውን ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሠራ ዙም ሌንስ ግን እስከ ባለፈው መስከረም ድረስ ነቅዬው አላውቅም ነበር። ለውጡን ያመጣው ክረምቱ ነው። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ የድሮ ፎቶዎቼን ከኮምፒውተር እየከፈትሁ ማየት ጀመርሁና ከእንጦጦ ብቻ አራት መቶ ያህል ፎቶ ተከማችቶ አገኘሁ። ሁሉም ከአስፋልቱ ዳር ቆሜ፣ አንዳንዴም ከመኪና ሳልወርድ፣ ዙሙን ገፋ ሳብ እያደረግሁ ያነሳኋቸው ናቸው። እንጨት ተሸካሚ እናቶች በብዙዎቹ ውስጥ አሉ፤ ፊቷ የሚለይ አንዲት እናት ግን የለችም። ያን ያህል ጊዜ የተመላለስሁበት ተራራ ምን ይመስላል ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር «ባሕር ዛፍ አለው፤ ይበርዳል» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረኝም።

ካነን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም የተባለውን ሌንስ የገዛሁት በዚህ ብስጭት ነው። እዚህ የምጽፈው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባሉት ቅዳሜዎች ይዤው ከተማዋን በዞርሁባቸው ጊዜያት ያየሁበትን ነው፤ በቤት ውስጥ የተደረገ የመለኪያ ሙከራ የሚፈልግ አንባቢ እዚህ ብዙ አያገኝም።

ሌንሱ አዲስ ዕቃ አይደለም። ካነን ያወጣው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2015 ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት በ1990 የወጣው ወንድሙ ከካሜራው ጋር የሚያያዝበት ቀለበት ፕላስቲክ ነበር፤ የአሁኑ ብረት ነው። 160 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ መካከለኛ ብርቱካን በሉት። ከኩባንያው ሌንሶች መካከል ከርካሾቹ የሚመደብ በመሆኑ በከተማችን የሁለተኛ እጅ ገበያ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ የለም። የእኔን የገዛሁት «ከካርቶኑ ያልወጣ» ተብሎልኝ ነበር፤ ቤት ገብቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንቼ ሳየው ግን ውስጡ ሁለት የአቧራ ቅንጣቶችና አንዲት የጨርቅ ክር አገኘሁበት። ሻጩ ዘንድ ስመለስ «እሱ ፎቶ ላይ አይወጣም እህቴ» አለኝ። እውነቱን ነበር፣ አልወጣም፤ ካርቶኑን በተመለከተ ግን ዛሬም ይቅር አላልሁትም። ለምትገዙ ሁሉ የምመክረው፣ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ከሁለቱም ወገን እንድታዩበት ነው።

ይህ ሌንስ ዙም የለውም። አያቀርብም፣ አያርቅም። የእኔ ካሜራ ካነን 700ዲ ነው፤ በውስጡ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ከቀድሞው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያነሰ ስለሆነ 50 ሚሊሜትሩ በእርሱ ላይ ሲገጠም የ80 ሚሊሜትር ሌንስ ያህል ጠበብ አድርጎ ያያል። በቀላል አነጋገር ሳሎን ውስጥ ቆሞ መላ ቤተሰቡን ማንሳት አይቻልም፤ አንድ ሰው በሩ ላይ መውጣት አለበት፤ ብዙውን ጊዜም የሚወጣው ፎቶ አንሺው ነው።

ይህን በገንዘቤ የተማርሁት በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ወጥቼ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበት እንጦጦ ማርያም ስደርስ፣ ስምንት ማዕዘኑን ቤተ ክርስቲያን እንደ ልማዴ በአንድ ፎቶ ላስገባው ፈለግሁ። ወደ ኋላ ሄድሁ፤ ጉልላቱ አልገባም። ደግሜ ሄድሁ፤ ጀርባዬ አጥሩን ነካ፤ ጉልላቱ ሲገባ በሩ ቀረ። «ገንዘቤን ውሃ በላው» አልሁ በሆዴ። ከዚያ ሌላ የማደርገው ሳጣ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ጫካው በሚወስደው የእግር መንገድ መውረድ ጀመርሁ፤ ነገሩ የተለወጠውም እዚያ ነው።

በመንገዱ ዳር የተቆረጡ የባሕር ዛፍ ጉቶዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ጉቶ ሥር አዲስ ቡቃያ ፈንድቷል። አንዱን ቡቃያ ለማንሳት ተንበረከክሁ። ሌንሱ ዕቃውን አጥርቶ የሚይዝበት የመጨረሻው ቅርበት ከካሜራው ጀርባ ሲለካ 35 ሳንቲሜትር ነው፤ እዚያ ርቀት ላይ ሙሉው ፎቶ የሚይዘው ስፋት አሥር ሳንቲሜትር ያህል፣ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ነው። በዚያ መዳፍ በምታህል መስኮት ሳይ ቅጠሎቹ ክብ ቢጤ፣ አመድማ ሰማያዊ፣ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ግንዱን ያቀፉ ናቸው። ቀና ብዬ ከላዬ የቆመውን ትልቁን ዛፍ ስመለከት የእርሱ ቅጠሎች ረጃጅም፣ አረንጓዴ፣ እንደ ማጭድ የጎበጡ ናቸው። ሁለት የተለያየ ተክል መስሎኝ ነበር። አንድ ናቸው፤ ነጭ ባሕር ዛፍ ልጅ ሳለ አንድ ዓይነት፣ ሲያረጅ ሌላ ዓይነት ቅጠል ያወጣል። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ በምኒልክ ዘመን የከተማዋ ዙሪያ በማገዶ ፍለጋ ሲራቆት መጥቶ የተተከለ መሆኑን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁ፤ ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ ሁለት ዓይነት ቅጠል እንዳለው ግን በዚያ ቅዳሜ ገና ማየቴ ነበር። በዙሙ ዘመን ይህን ቡቃያ ቆሜ ሳብ አድርጌ አንስቼው እሄድ ነበር፤ ተንበርክኬ ስለማላየው ቀና ብዬ የማነጻጽርበት ምክንያትም አይኖረኝም።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንዲት እናት የቅጠልና የጭራሮ ሸክማቸውን እንዳዘሉ በመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ ደረስሁ። ዙም ቢኖረኝ ኖሮ ከሩቅ አንስቼ፣ ሳያዩኝ አልፌ፣ አራት መቶ አንደኛውን ፎቶ እጨምር ነበር። በዚህ ሌንስ ግን ሰውን ከጉልበቱ በላይ ለማንሳት ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር መቅረብ ያስፈልጋል፤ ሦስት ሜትር ደግሞ ሰላምታ ሳይሰጡ የማይቆሙበት ርቀት ነው።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ፎቶ ባነሳዎት ይከፋዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሸክሙን ነው እኔን?»

የምመልሰው ጠፋኝ። እውነቱን ለመናገር ላነሳ የፈለግሁት ሸክሙን ነበር። «እርስዎን» አልሁ ግን፣ ከአፌ ከወጣም በኋላ እውነት እንዲሆን ፈለግሁ። «እኔን ከሆነ ሸክሙ ይውረድ» ብለው ገመዱን ከደረታቸው ፈቱ። ያን ጊዜ ነው ገመዱን በቅርብ ያየሁት፤ ትከሻቸውን እንዳይቆርጣቸው ከሥሩ ያስገቡት አራት ጊዜ የታጠፈ የድሮ ሹራብ እጅጌ ነበር፤ ገመዱ የሚያርፍበት መስመር ላይ ሱፉ ተልጎ ክሩ ብቻ ቀርቷል። ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበስ አደረጉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። አምስት ፎቶ አነሳሁ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ደበዘዙ።

የደበዘዙበት ምክንያት የሌንሱን ጠባይ ስለሚያሳይ ላብራራው። ይህ ሌንስ የሚወደደው ቀዳዳው በሰፊው ስለሚከፈት ነው። የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ዙሙ 55 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 አልፎ አይሰፋም፤ 50 ሚሊሜትሩ ግን እስከ ኤፍ 1.8 ድረስ ይከፈታል፤ ይህ ማለት አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። ለእኛ አገር የጧፍ ብርሃን፣ መስኮቱ ትንሽ ለሆነ የገጠር ቤትና ለምሽት ቡና ይህን የመሰለ ስጦታ የለም። ዋጋውም አለው፤ በሰፊው በተከፈተ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ይሳሳል። ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ በኤፍ 1.8 የተነሳ ሰው ጥርት የሚለው አሥር ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ እማማ ትንፋሽ ለመሳብ ዘንበል ባሉ ጊዜ ዓይናቸው ከዚያች አሥር ሳንቲሜትር ወጣ። ቁጥሩን ወደ ኤፍ 2.8 ከመለስሁ በኋላ የቀሩት ሁለቱ በደንብ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሰውን ከዚህ ቁጥር በታች አላነሳም። ሌንሱ እዚህ ላይ የዓይን ሽፋሽፍትን አንድ በአንድ ይቆጥራል።

ቀትርን በተመለከተ ሌላ ችግር አለ። በእኛ ከፍታና ለምድር ወገብ በዚህ ያህል በቀረብንበት ሥፍራ ፀሐይ ሽቅብ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ የጠዋቱ ለስላሳ ብርሃን ዕድሜው አጭር ነው፤ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ካልተጠቀሙበት አለቀ። እኩለ ቀን ላይ በሜዳ ቆመው ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 1.8 ከከፈቱት የሚያስፈልገው የሹተር (ብርሃኑ የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው መዝጊያ) ፍጥነት የሰከንድ አንድ ስምንት ሺህኛ ያህል ይሆናል፤ 700ዲ ግን ከአንድ አራት ሺህኛ አይፈጥንም፤ ፎቶው እንደ ታጠበ ነጠላ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቀን ቀን ኤፍ 4 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር፤ በሰፊው የመክፈቱ ደስታ ለማለዳና ለጥላ ይቆይ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዤ ወደ ሱሉልታ ወረድሁ። ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ያለው ይህ ሜዳ ዛሬ ሸገር ከተማ ውስጥ ቢጠቃለልም፣ ከፋብሪካዎቹና ከጅምር ፎቆቹ ጀርባ ገና ሜዳ ነው፤ በመስከረም መጨረሻ ጥቅጥቅ ባለ ሣር ውስጥ አደይ አበባ ይዘረጋበታል። ቢጫውን ሜዳ እንዳለ ለማንሳት የሚፈልግ ሰው ሌላ ሌንስ ይያዝ። እኔ አንዲት አበባ መርጬ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥሁባት። እስከ መጨረሻው ተጠግቶ በኤፍ 1.8 ሲነሳ ጥርት የሚለው ጥልቀት ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም፤ የፊተኛው ቅጠል ሲጠራ የአበባዋ እንብርት ይደበዝዛል፣ እንብርቷ ሲጠራ ቅጠሎቿ ቢጫ ጢስ ይሆናሉ። ነፋሱም አለ። ትንፋሼን ይዤ፣ ነፋሱ የሚያርፍበትን ቅጽበት እየጠበቅሁ፣ አበባዋ ወደዚያች ሁለት ሚሊሜትር ተመልሳ ስትገባ የካሜራውን ቁልፍ ለመንካት ስሞክር፣ በእንብርቷ ውስጥ የብናኝ ያህል የምታንስ ጥቁር ጥንዚዛ ስትዞር አየኋት። ከጎኔ ከብት የሚጠብቅ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ መጥቶ ተቀምጧል። ምን እንደማነሳ ጠየቀኝ፤ በካሜራው ስክሪን ላይ አሳየሁት። «ይቺማ ሁሉም ላይ አለች» አለኝ፤ እየዞረም ሦስት አራት አበባ አሳየኝ፤ በሁሉም ላይ ነበረች።

ዋሻ ሚካኤልን ብዙ አላወራበትም። ከኮተቤ በኩል በየካ ተራራ ላይ ከአንድ አለት የተፈለፈለውን፣ ጣራው ተነሥቶ ለሰማይ የተከፈተውን ይህን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን 50 ሚሊሜትር ይዞ መሄድ በሰፌድ ውሃ እንደ መቅዳት ነው፤ መቆሚያው ጠባብ፣ ዓምዱ ረጅም፣ ወደ ኋላ የሚኬድበት ቦታ የለም። ድንጋዩ የተጠረበበትን ምልክትና በላዩ የበቀለውን ሽበት አንስቼ ተመለስሁ። የቦታውን መልክ ለሌላ ሰው ለማሳየት ከሆነ ዙሙን ይዛችሁ ሂዱ።

ገፈርሳም አሳፍሮኛል። ከአስኮ ወደ ቡራዩ አልፎ በአምቦ መንገድ ላይ ያለው ይህ የመጠጥ ውሃ ግድብ ወፍ ለሚወድ ሰው የታወቀ ነው፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ እዚያ ይታያል። ግድብ በመሆኑ ካሜራ ከማውጣት በፊት ጥበቃውን ማስፈቀድ ተገቢ ነው፤ እኔም አስፈቀድሁ፤ ሰውየውም ሌንሴን አይቶ «በዚች?» ብሎ ሳቀ። ትክክል ነበር። ዝይዎቹ በፎቶው ላይ ውሃው ዳር የተረሳ ጠጠር ይመስላሉ። ለወፍ ከ300 ሚሊሜትር የማያንስ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ወደ ወፍ በእግር ሄዶ መቅረብ ደግሞ አይሠራም፤ ሰላምታ ተቀብሎ የሚጠብቅ ዝይ አላጋጠመኝም። የሆነ ሆኖ ማንሳት ሲያቅተኝ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ማየት ጀመርሁ። ሁለት ሁለት ሆነው አጭሩን ሣር እየነጩ ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲበላ ሌላው አንገቱን ያቀናል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ከዚያ ቀን ያስቀረሁት ይህን ነው፤ ፎቶዎቹን አጥፍቻቸዋለሁ።

ስለ አያያዙ ጥቂት ነገር ልበል። ኤስቲኤም የሚለው ስም ፎከሱን፣ ማለትም ምስሉን የሚያጠራውን ክፍል፣ የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር የሚገልጽ ነው፤ በእጅ ፎከስ ለማድረግ ቀለበቱን ስታዞሩትም የሚያንቀሳቅሰው ይኸው ሞተር ስለሆነ ካሜራው ከጠፋ ቀለበቱ ምንም አይሠራም፤ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ፎከስ ሲያደርግ የፊተኛው ክፍል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ወደ ቦርሳ ከመመለሱ በፊት ፎከሱን ወደ ሩቅ አድርጎ ማስገባት ይገባል፤ እንደ ወጣ የተመታ እንደሆነ የሚጎዳው ሞተሩ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ መሣሪያ የለውም፤ በ700ዲ ላይ ከሰከንድ አንድ ሰማንያኛ በታች ሲወርድ ክንድን ከጎን ማጣበቅ ወይም ግድግዳ መደገፍ ግድ ነው። አቧራና ዝናብ የሚከላከል ሽፋንም አልተሠራለትም። በኅዳር የሱሉልታ ሣር ታጭዶ ሲከመርና መንገዱ በጭነት መኪና ሲታመስ የሚነሳውን አቧራ ያየ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የፊቱ ቀለበት 49 ሚሊሜትር ስለሆነ በዚህ ልክ የሚገጥም ተራ የመስታወት ፊልተር ገዝቶ ማልበስ ከሁሉ የሚቀድም ወጪ ነው። የፀሐይ መከላከያው ኮፍያ አብሮ አይመጣም፤ ለብቻው ይገዛል፤ እኔ እስከ ዛሬ በመዳፌ ነው የምጋርደው።

ዙም ያለው ካሜራ ይዞ መሰላቸት ለጀመረው ሰው ሁለተኛ ሌንስ አድርጎ እንዲገዛው ያለ ማመንታት እመክራለሁ። አንድ ሌንስ ብቻ መግዛት ለሚችል፣ ሠርግና ልደት ለሚያነሳ ወይም ሥራው ሕንፃ ለሆነ ሰው ግን አይሆንም። የሚገዛው ሰውም ቢያንስ አንድ ወር ዙሙን ቤት ትቶ ይውጣ፤ ሁለቱን አብሮ የያዘ ሰው ጉልበቱ ሲደክም ወደ ዙሙ መመለሱ አይቀርም፤ እኔም ዋሻ ሚካኤል ላይ ቦርሳዬ ውስጥ ቢኖር ኖሮ እመለስ ነበር።

የእማማን ፎቶ በኤ4 ወረቀት አሳትሜ በአምስተኛው ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ወሰድሁላቸው። ከማሳተሜ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ በኮምፒውተር ላይ አስፍቼ አይቼዋለሁ፤ የዓይናቸውን ጥራት፣ የፊታቸውን መስመር፣ ከኋላቸው የደበዘዘውን ጫካ ወድጄዋለሁ። እማማ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ከፀሐዩ መለስ አደረጉትና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም ጣታቸውን ከጆሯቸው በላይ፣ ሻሻቸው ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ክብ፣ አመድማ ሰማያዊ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቅጠል ተሰክታ ኖሯል።

«ቅጠል አስይዘሽ ነው ያነሳሽኝ?» አሉኝ። «ምነው አይተሽ ዝም አልሽ?»